«ግርግር ለሌባ ይመቻል» ብሎ ማለፍ አይበቃም፦ ስለ 1381ዱ የእንግሊዝ አመፅ የክስ ፋይሎች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው ሲቀባበለው የነበረ አንድ ጽሑፍ ደረሰኝና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስለ 1381ዱ የእንግሊዝ ገበሬዎች አመፅ ነው (ዓመትና ወሩን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። አመፁ የፍትሕ ጥያቄ ሳይሆን ዝርፊያ ነበር። ማስረጃው ደግሞ ከአመፁ በኋላ የተከፈቱት የንብረት ክሶች ናቸው። ፋይሎቹ «በሰይፍና በቀስት ገቡ፣ ሰበሩ፣ ወሰዱ» ይላሉ። ሰነድ ያቃጠሉት መሃይም ስለነበሩ ነው። ያመፁት ምንም የሌላቸው ድሆች ናቸው። በመጨረሻም ሕጉ ለሁሉም እኩል ፈርዶ ነገሩን ዘጋው። ማሳረጊያው «ግርግር ለሌባ ይመቻል» የሚለው ተረት ነው።

ተረቱ ላይ ጠብ የለኝም። በዚያ ግርግር የተመቸው ሌባ ነበር፣ ከታች ስም ጠርቼ አሳያችኋለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ጸሐፊው የክስ ወረቀትን እንደ ፍርድ አድርገው አንብበውታል። ክስ የከሳሽ ቃል ነው። ማን ጻፈው፣ ምን ለማግኘት ጻፈው፣ የትኛው ችሎት እንዲሰማለት ብሎ ጻፈው የሚለውን ሳይጠይቁ ፋይል መጥቀስ፣ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንደ መፍረድ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። የእንግሊዝ መንግሥት ከፈረንሳይ ጋር ለገባበት ጦርነት ገንዘብ ሲያጥረው ከ1377 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የነፍስ ወከፍ ግብር ጣለ። የመጀመሪያው በነፍስ ወከፍ 4 ፔኒ ነበር። ሦስተኛው 12 ፔኒ ሆነ፣ ከ15 ዓመት በላይ ባለ ሰው ላይ። የቀን ሠራተኛ በቀን 3 ወይም 4 ፔኒ በሚያገኝበት ዘመን። ሜይ 30 ቀን 1381 ኤሴክስ ውስጥ ብሬንትዉድ ላይ ሕዝቡ ግብር አጣሪዎቹን አባረረ። ጁን 13 የኬንትና የኤሴክስ ሰዎች ለንደን ገቡና የላንካስተሩን መስፍን የጆን ኦፍ ጎንትን የሳቮይ ቤተ መንግሥት አቃጠሉ። በማግስቱ ቻንስለርም (የንጉሡ ዋና ሹም) ሊቀ ጳጳስም የነበረውን ሳይመን ሰድበሪን፣ የግምጃ ቤት ኃላፊውንም ሮበርት ሄልስን አንገታቸውን ቆረጧቸው። ጁን 15 መሪያቸው ዋት ታይለር ስሚዝፊልድ ላይ ከ14 ዓመቱ ንጉሥ ከዳግማዊ ሪቻርድ ጋር ሲነጋገር ተገደለ። ከዚያ በኋላ የመጣው የዳኞችና የጸሐፊዎች ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ።

«ፋይሎቹ ራሳቸው በሰይፍ፣ በቀስትና በፍላጻ ይላሉ፤ ስለዚህ የታጠቀ የወራሪ ጦር ነበር።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የቅጽ ቋንቋ ሸውዷቸዋል። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ንብረቴ ተጎዳ ብሎ ንጉሡ ፍርድ ቤት ለመክሰስ ሲፈልግ የሚጠቀምበት የታወቀ አጻጻፍ ነበር። «ተከሳሹ በኃይልና በመሣሪያ፣ የንጉሡን ሰላም አፍርሶ» ተብሎ ነው የሚጀመረው። እንደዚያ ካልተባለ ጉዳዩ የንጉሡ ጉዳይ አይሆንም፣ ወደ አካባቢህ ችሎት ሂድ ይባላል። ስለዚህ ይጻፋል። ሰይፍ ኖረም አልኖረም።

በጣም የምወደው ምሳሌ በ1317 የተከፈተ ክስ ነው። ራትልስዴን የተባለ ሰው ከግሩንስቶን አንድ ትልቅ በርሜል ወይን ጠጅ ገዛና እስኪላክለት ድረስ እዚያው ሻጩ ዘንድ አስቀመጠው። በኋላ ወይኑ ተበላሽቶ ተገኘ። ራትልስዴን ምን ብሎ ከሰሰ? ሻጩና ግብረ አበሮቹ በሰይፍ፣ በቀስትና በፍላጻ ወይኑን ቀድተው ወስደው በምትኩ የጨው ውኃ ሞሉበት ብሎ። እስቲ አስቡት፤ ሰው ከራሱ ጓዳ ካለ በርሜል ወይን ለመቅዳት ቀስት ወጥሮ ይገባል? ብዙ የሕግ ታሪክ ሰዎች በርሜሉ በጥንቃቄ ጉድለት የተበላሸ ይመስላቸዋል። ቀስቱ የመጣው ከቅጹ ነው።

እና የ1381 ክስ «በሰይፍና በቀስት» ሲል ሰይፍና ቀስት መኖሩን አያስረዳም። የሚያስረዳው ክሱ የትኛው ፍርድ ቤት እንደገባ ነው። አመፀኞቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ አላልኩም። ብዙዎቹ ቀስት ነበራቸው። ግን ይህን ከሌላ ቦታ ነው የምናውቀው። ደግሞም ከ1285 ጀምሮ የነበረው የዊንቸስተር ሕግ ወንድ ሁሉ እንደ አቅሙ መሣሪያ ቤቱ እንዲያስቀምጥ ያዝዝ ነበር። መሣሪያ መያዝ ብቻውን ወራሪ ካደረገ፣ ሕግ አክባሪው ሁሉ ወራሪ ነበር ማለት ነው።

«ዓላማቸው ዝርፊያ ነበር፤ ሳቮይን ማየት ይበቃል።»

ሳቮይን እንይ እንግዲህ። ስለዚያ ቃጠሎ ከጻፉት አንዱ ሄንሪ ናይተን የሌስተር ገዳም ሰው ነው። የገዳሙ ጠባቂና ደጋፊ ማን ነበር? ራሱ ጆን ኦፍ ጎንት። ማለትም ናይተን ለአመፀኞቹ የሚያዝንበት አንድም ምክንያት የለውም። ሆኖም እሱ የጻፈው፣ አንዱ የብር ዕቃ ብብቱ ውስጥ ሲሸጉጥ ጓደኞቹ አይተው ሰውየውንም ዕቃውንም እሳት ውስጥ እንደጣሏቸው ነው፤ እኛ የእውነትና የፍትሕ ወዳጆች ነን እንጂ ሌቦች አይደለንም እያሉ። የሚጠላህ ሰው እንዲህ ብሎ ሲመሰክርልህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል የንጉሡ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ የሮቸስተሯ ጆሃና ፌረር አለች። ሴት ናት። መዝገቡ ከኬንት የመጡት ክፉ አድራጊዎች ዋና መሪ ይላታል። ሳቮይን አቃጥላ፣ 1,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ያለበት የመስፍኑን የወርቅ ሣጥን ወስዳ፣ በቴምዝ ወንዝ በጀልባ ወደ ሳውዝዋርክ አሻግራ ከሌሎች ጋር ተከፋፈለችው ይላል። ጸሐፊው ይህን ፋይል ቢያገኙት ኖሮ ደስ ባላቸው ነበር። እንዲያውም ለምን እንዳልጠቀሱት ገርሞኛል።

እኔ ሒሳቡን ሠራሁት። የዘመኑ የወርቅ ሳንቲም ኖብል ይባላል። አንዱ 6 ሺሊንግ ከ8 ፔኒ፣ ማለትም የፓውንድ ሲሶ ያወጣል፣ ክብደቱ 7.8 ግራም ገደማ ነው። 1,000 ፓውንድ ማለት 3,000 ኖብል ነው። ወደ 23 ኪሎ ይመጣል። ሁለት ሰው ይሸከመዋል፣ ጀልባም ችግር የለበትም። ስለዚህ ታሪኩ የማይሆን ነገር አይደለም። ግን ድፍን አንድ ሺህ? የተዘረፈ ሰው ሳንቲም ቆጥሮ አይደለም የሚዘረፈው። በዚህ ዓይነት ክሶች ውስጥ ድፍን ቁጥር ሞልቷል፣ ከሳሽ ደግሞ ጉዳቱን አሳንሶ አይጠራም። ሣጥን መወሰዱን ልቀበል እችላለሁ። በቁጥሩ ግን አልምልም።

ታዲያ የቱ ነው እውነቱ? ሁለቱም ይመስለኛል። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቀን አንድ ቦታ ሲሰበሰብ አንዱ ብር እሳት ውስጥ ይጥላል፣ ሌላው ሣጥን ጀልባ ላይ ይጭናል። ጽሑፉ ሁለተኛውን ብቻ አይቶ ስለ መጀመሪያው ዝም ማለቱ ነው ስህተቱ።

የተመቱት ቤቶች የማን እንደነበሩም ይታይ። ሳቮይ የጎንት ነው። ክላርከንዌል ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች የተባሉት የወታደር መነኮሳት ገዳም፣ ሃይበሪ ያለው ቤት፣ ኤሴክስ ያለው የክሬሲንግ ርስት ሁሉም ከአንድ ሰው ጋር የተያያዙ ናቸው። ሄልስ የግምጃ ቤት ኃላፊ ብቻ ሳይሆን የእነዚያ ባላባቶች አለቃም ነበር። ግብሩን የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ራስ ማለት ነው። ቴምፕል ሰፈር ያለው የሕግ ሰዎች መቀመጫም የእነዚሁ ባላባቶች ይዞታ ነበር። ባገኘው በር የሚገባ መንጋ እንዲህ መርጦ አይሄድም።

ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው ደግሞ አለ። ለንደን ውስጥ ፍሌሚሽ የሚባሉት የውጭ አገር ሰዎች በገፍ ተገድለዋል። ቪንትሪ ሰፈር ከተጠለሉበት ቤተ ክርስቲያን ጎትተው አውጥተው አረዷቸው። ስለ ተሰበረ ሣጥን ይህን ያህል ሲጻፍ ስለ እነሱ አንድ መስመር አለመኖሩ ያሳዝናል። አመፀኞቹን የሚከስ ሰው ከዚህ መጀመር ነበረበት።

አሁን ቃል የገባሁላችሁን ሌባ ላምጣ። ፖል ሳልስበሪ የባላባት ልጅ ነው። በግርግሩ መሀል ሰዎች ይዞ የለንደን ሹም የነበረው የዊልያም ባሬት ቤት ገባ። ቤቱ የኔ ነው ባይ ነው፣ ቀድሞ የቆየ የይዞታ ክርክር ነበራቸው። ባሬትንና ሚስቱን ከቤት አስወጥቶ፣ ረጅም ሰዓት አንበርክኮ፣ እስከ ዛሬ ቤቴን ስለያዛችሁልኝ አመስግኑኝ አላቸው። የኪራይ ውሉንም ተቀበላቸው። ቶማስ ፋርንደንም አለ። ሄልስ ርስቴን ቀምቶኛል የሚል ቂም ይዞ ከኤሴክስ ሰዎች ፊት ፊት ሲሄድ የነበረ የለንደን ሰው ነው። ሁለቱም በኋላ ምሕረት አግኝተዋል። ግርግሩ የተመቸው ማን ነው እንግዲህ? ገበሬው ብቻ አይደለም። ርስት የሚከራከር፣ ዘመድ ያለው፣ ምሕረት መለመን የሚያውቅበት የከተማ ሰው ጭምር ነው።

«ሰነድ ያቃጠሉት ማንበብ የማይችሉ፣ ዕውቀት የሚጠሉ ስለነበሩ ነው።»

ጽሑፉ እዚህ ላይ የካምብሪጇን ማርጀሪ ስታርን ጠርቷል። የዩኒቨርሲቲው ሰነድ ገበያ መሀል ሲቃጠል አመዱን ለነፋስ እየበተነች «የካህናቱ ትምህርት ይጥፋ፣ ይጥፋ!» ብላለች የተባለችው አሮጊት ናት። ታሪኩ ይጥማል፣ አልክድም። ግን እነዚያው የካምብሪጅ ሰዎች በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲውን አስገድደው መብቱን ለከተማው እንደለቀቀ የሚያረጋግጥ ሰነድ አስፈርመውታል። ማኅተም ያለበት። ወረቀት የሚጠላ ሰው ወረቀት አያስፈርምም። ጠቡ ከትምህርት ጋር ሳይሆን ከተማውንና ገበያውን ማን ያዝዛል ከሚለው ጋር ነበር። ንጉሡም ገብቶታል፤ በ1382 የዳቦና የጠጅ ዋጋ፣ የሚዛንና የመስፈሪያ ቁጥጥርን ከከተማው ነጥቆ ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ።

ከዚህ የባሰ ለጽሑፉ የማይመች ነገር አለ። ከአመፁ አራት ዓመት በፊት፣ በ1377፣ በደቡብ እንግሊዝ 40 የሚሆኑ መንደሮች ገንዘብ አዋጥተው በ1086 ከተጻፈው ከዱምስደይ መጽሐፍ የተረጋገጠ ግልባጭ አወጡ። ለምን? መሬታችን ጥንት የንጉሥ ስለነበረ ለባለርስቱ ይህን ሁሉ ጉልበት የመገበር ግዴታ የለብንም ብለው ለመከራከር። ገበሬ ነው ይህን ያደረገው። ከራሱ ቋት አውጥቶ፣ ጠበቃ ቀጥሮ፣ የ300 ዓመት መዝገብ አስፈልጎ። ፓርላማው ምን አደረገ? ባለርስቶቹ አቤት አሉና መንደርተኞቹ ግልባጩ አይጠቅማችሁም ተባሉ። በሕጉ መንገድ ሞክረው ነበር እኮ!

በ1381 የተቃጠለውም ያገኙት ወረቀት ሁሉ አይደለም። ካንተርበሪ ላይ የኬንቱን ሹም ይዘው የአውራጃውን ችሎት ጥቅል መዝገቦች ተረክበው አቃጠሉ። በየመንደሩ የተፈለገው ማን ስንት ቀን ለጌታው እንደሚሠራ፣ ልጁን ሲድር ስንት እንደሚከፍል የተጻፈበት የባለርስቱ ችሎት መዝገብ ነው። ከንጉሡ ጋር በተገናኙበት ማይል ኤንድ በተባለው የለንደን ዳርቻ ደግሞ የጠየቁት ሌላ ወረቀት ነው፣ የነፃነት ደብዳቤ። ከ30 በላይ ጸሐፊዎች ተቀምጠው ሲጽፉላቸው ዋሉ።

«ያመፁት ምንም የሌላቸው ድሆች ናቸው።»

ይህ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነው። የተያዙትን ሰዎች ንብረት ለንጉሡ የወረሱት ሹሞች ዝርዝር ትተውልናል። ሳፎክ ውስጥ የመሩት ቶማስ ሳምፕሰን ከ100 ኤከር በላይ የተዘራ መሬትና ወደ 300 በጎች ነበሩት። የኖርፎኩ መሪ ጄፍሪ ሊትስተር ግን ጨርቅ አቅላሚ ነው፣ የተገኘበት ሁሉ ተደምሮ 2 ፓውንድ አይሞላም። ክሪስቶፈር ዳየር የተባለው የታሪክ ምሁር የመንደር መዝገቦችን ሲያገላብጥ ደግሞ ካመፁት ብዙዎቹ በየመንደራቸው ጭቃ ሹም፣ የችሎት መስካሪ፣ የጠላ ቀማሽ ሹም የነበሩ ሰዎች መሆናቸውን አገኘ። መዝገቡ ውስጥ ያለውን ስለሚያውቁ ነው መዝገቡን የፈለጉት።

«በመጨረሻ ሕጉ ለሁሉም እኩል ፈረደ፤ ነገሩ ተዘጋ።»

አይ፣ እዚህ ላይ መቆም አለብን።

ሲጀመር ሕጉ እኩል አይሰማም ነበር። ከመሬቱ ጋር የታሰረው ጭሰኛ ስለ መሬቱ ጌታውን ንጉሡ ፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም። ጌታው «የኔ ጭሰኛ ነው» ካለና ይህ ከተረጋገጠ ክሱ ይወድቃል። ያለው ንብረት ሁሉ በሕግ ዓይን የጌታው ነው። እናም የንብረት ጥቃት ፋይሎቹ የአንድ ወገን ብቻ መሆናቸው አይገርምም። የሌላው ወገን ፋይል መክፈት አይችልም ነበርና።

ሴንት ኦልባንስን ውሰዱ። የገዳሙ ጭሰኞች እህላቸውን በገዳሙ ወፍጮ ብቻ ማስፈጨትና መክፈል ነበረባቸው። ቤታቸው የእጅ ወፍጮ ሲያስቀምጡ፣ በ1330ዎቹ የነበረው አበምኔት ሪቻርድ ኦፍ ዎሊንግፎርድ ወፍጮዎቹን ቀምቶ የድንጋዩን መጅ የእንግዳ መቀበያው ወለል ላይ አስነጠፈው። በየቀኑ እየረገጡት ይሄዳሉ ማለት ነው። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1381፣ የከተማው ሰዎች ገብተው ወለሉን ነቀሉ። ድንጋዩን ሰባብረው እንደ መክፈልት ለየሰዉ ቁራጭ ቁራጭ አደሉት። ይህን የጻፈው የገዳሙ መነኩሴ ቶማስ ዎልሲንግሃም ነው፣ በንዴት። በክስ ቋንቋ ይህ «የገዳሙን ወለል ማፍረስ» ነው። የማን ድንጋይ ነበር ግን? የአያቶቻቸውን ወፍጮ ያስመለሰላቸው ችሎት ከዚያ በፊት አልነበረም። መሪያቸው ዊልያም ግሪንድኮብ ጁላይ ላይ ተሰቀለ።

ፍርዱን የመሩት ሮበርት ትሬሲሊያን ናቸው። የቀድሞው ዋና ዳኛ ጆን ካቨንዲሽ ሳፎክ ውስጥ ስለተገደሉ በቦታቸው የተሾሙ። ሴንት ኦልባንስ ላይ ጁሪው (ምለው ጥፋተኛ የሚጠቁሙት የአካባቢው ሰዎች) የራሱን ሰዎች ለመክሰስ ሲያቅማማ፣ የስም ዝርዝሩን ራሳቸው አውጥተው አስጸደቁት። «ሕዝቡ ራሱ መሰከረ» የሚለው የጽሑፉ አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል። የሳፎኩ ቄስ ጆን ሮውም ነፍሱን ለማዳን ብሎ በጓደኞቹ ላይ መሰከረ፣ ማን ምን እንደወሰደ እየዘረዘረ። በሜይ 1382 ያው ተሰቀለ። እንዲህ ያለውን ቃል ያለ ጥርጣሬ መጥቀስ ይከብዳል።

በለንደኖቹም ላይ የሆነውን እዩ። በ1382 አንድ የለንደን ጁሪ፣ ጆን ሆርንና ዋልተር ሲቢልን ጨምሮ የከተማው ሹሞች ድልድዩን ለአመፀኞች ከፈቱ ብሎ ከሰሰ። የታሪክ መጻሕፍት ይህን እውነት ብለው ይደግሙት ነበር። ሰዎቹ ግን በ1384 ነፃ ወጥተዋል። ክሱ የቀረበው የፖለቲካ ጠላታቸው ከንቲባ በነበረበት ጊዜ ነው።

የ1381 መጨረሻው ፓርላማ ያወጣውን ምሕረት ጸሐፊው ቢያነቡት «እኩል» የሚለውን ቃል አይጽፉም ነበር። ምሕረት ካገኙት አንዱ ወገን አመፀኞችን ያለ ፍርድ የገደሉ ባላባቶች ናቸው። እነሱ አንድም ስም ሳይነሳ በጅምላ ተማሩ። ከአመፀኞቹ ግን 287 ሰዎች በስም ተለይተው ከምሕረቱ ውጭ ተደረጉ። የበሪ ሴንት ኤድመንድስ ከተማም ጭራሽ ተለይታ 2,000 ማርክ (የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ) ቅጣት ተጣለባት።

«ተዘጋ» የሚለውም ልክ አይደለም። የንጉሡ ምሕረት የንጉሡን ክስ ነው የሚያነሳው። ጎረቤትህ ግን በሬን ሰብረሃል፣ ከብቴን ነድተሃል ብሎ በግሉ ካሣ መጠየቅ ይችላል። ጠየቁም። ምሕረት በእጁ ይዞ ችሎት የሚመላለስ ሰው ነበር። ፓርላማውም በአስገዳጅነት የተሰጡትን የነፃነት ደብዳቤዎችና ውሎች ሻረ፣ ሰነዱ ለተቃጠለበት ሰው መፍትሔ አበጀ፣ በጉልበትና በሰው ብዛት ሰው ይዞታ መግባትንም የሚከለክል ሕግ አወጣ። ይህ የመጨረሻው ሕግ እንግሊዝ ውስጥ የተሻረው በ1977 ነው።

ጸሐፊው «ፋይሎቹ» እያሉ አንዱንም በስም አልጠሩም። የንጉሡ ፍርድ ቤት ጥቅሎች ለንደን ውስጥ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት አሉ። የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የ1381 ሰዎችን ከነክሳቸው በስም ለመፈለግ የሚያስችል የመረጃ ቋት ኢንተርኔት ላይ ከፍተዋል። ከጆሃና ፌረር ይጀምሩ፣ ቀጥሎ ፖል ሳልስበሪን ይዩ። ከዚያ በኋላ ሌባው ማን እንደነበር እንከራከር፣ እኔ ዝግጁ ነኝ።